ያልጠፋው ሞተር

አቶ ዕዝራን ሞተው ያገኟቸው ቀትር ላይ ነው፤ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሠፈር ባለው ግቢያቸው፣ በሩ በተዘጋ የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ፣ በነጯ አሮጌ መኪናቸው የሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው። ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ መዳፎቻቸው ጭናቸው ላይ ወደ ላይ ተዘርግተዋል። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ጎናቸው ነበር። ያየ ሰው በጸሎት መሐል ያሸለቡ ጡረተኛ መምህር ናቸው ይል ነበር፤ የፊታቸው ቅላት ብቻ ነው የእንቅልፍ የማይመስለው።

ሐኪሙ የሞተር ጭስ ነው አለ። የጣቢያው አዛዥ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተጨነቀም።

«ወይ ሰውየው ራሱን ገድሏል፣ ወይ መካኒኩ አበላሽቶ ሠርቶ ገድሎታል» አለና፣ ሲቀላ ሠፈር የሚሠራውን መካኒክ ዳልጮን አስሮ ቀሪውን ለኢንስፔክተር የሺመቤት ተወላት። «ከሁለቱ ሌላ ካለ ፈልጊ።»

ጊዜው 2003 ዓ.ም.፣ የካቲት ነበር፤ የሴቻ ቆርቆሮዎች በሙቀቱ የሚንጣጡበት ወር። የሺመቤት ወደ ግቢው ስትገባ ድንኳኑ እንደተተከለ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ እጇን ይዘው ወደ ጋራዡ ጥግ ወሰዷት።

«ልጄ፣ ቀብሩ አልፏል፤ እሱ ይሁን። ግን ራሱን ገደለ አይበሉብኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ሜሮን በዚህ ከተማ የማን ልጅ ተብላ ትኑር?»

«ተዘግተው መኪና ውስጥ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ይጸልያል። ግቢው ተከራይ የሞላበት፣ ግድግዳው ስስ ነው። እሱ ደግሞ ሲጸልይ ጮኾ፣ አልቅሶ ነው። ሰው እንዳይሰማው በሩን ዘግቶ እዚህ ይገባል። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ኤሲውን ይከፍታል።»

«በተዘጋ ቤት ሞተር? አልፈሩም?»

«ምን ልፍራ! መኪናዋ ኮ ቆማ መሥራት አትችልም። ኤሲው ሲከፈት ትንቀጠቀጥና ድርግም ትላለች። እሱ በቀረችው ቅዝቃዜ ይጸልያል። ስትጠፋ ስሰማ፣ አሁን ጸሎት ጀመረ እላለሁ። ስንት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው።»

«ያን ዕለትስ?»

«ከሜሮን ጋር ገበያ ነበርን፤ ተከራዮቹም ሥራ ላይ። ተመልሰን በሩን ስከፍት ሞተሩ ይሠራል። ቁልፉን ያጠፋሁት በዚህ እጄ ነው። ከዚያ ነው የጮኽኩት። ከዚያም ወዲህ ማንም አልነካትም።»

ከጋራዡ በር አጠገብ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በስሎ ነፍሳት ወርረውታል።

«ይኼስ?»

«ማርቆስ ይሆናል ያመጣው፤ የዕዝራ ታናሽ። ከጫኖ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። በለቅሶ መሐል ማን አየ?»

የሺመቤት የሞተሩን ክዳን አነሣች። የዓመታት አቧራና ዘይት ሁሉንም አልብሶታል፤ አንዲት አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ታበራለች። በያዟት ብሎኖች ላይ የተሰነጠቀ ቀይ የጥፍር ቀለም አለ፤ ከሥሯም በመርፌ የተጫረ ቀጭን መስመር።

በጣቢያው፣ ዳልጮ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ጠበቃት።

«ያቺን አዲስ ጥቁር ዕቃ፣ ትሮትል ሴንሰሩን፣ አንተ ነህ የቀየርከው?»

«እኔ? ኢንስፔክተር፣ ያ መኪና አዲስ ሴንሰር ከጠየቀኝ ዓመት ሆነው። አሮጌውን እያዞርኩ አስታመምኩት እንጂ። ጋሽ ዕዝራ ‹ጌታ ሲፈቅድ› ይሉኛል። ጌታማ ፈቅዷል፤ አርባ ምንጭ ውስጥ ዕቃው የለም።»

«ምን ያደርጋል ዕቃው?»

«ነዳጅ መርገጫው ምን ያህል እንደተረገጠ ለሞተሩ ይነግረዋል። ሲያረጅ ይዋሻል። ያኔ ሚኒሞ፣ ማለት ቆሞ መሥራት፣ አይይዝም፤ እግር ከመርገጫው ሲነሣ ሞተሩ ይጠፋል። አዲስ መግጠም ብቻ አይበቃም፤ በቴስተር እየለኩ ማዞር፣ ከዚያ የሚኒሞውን ብሎን ማስተካከል ነው።»

«የጥፍር ቀለሙስ?»

ዳልጮ ሳቀ። «እሱ የኔ ነው። የነካሁት ብሎን ላይ ጠብ አደርጋለሁ፤ ሌላ ሰው ነካክቶ ‹ዳልጮ ነው› እንዳይለኝ። ሠፈር ውስጥ ሙሽሪት ነው የሚሉኝ።» ሳቁ ጠፋ። «ይኸው፣ አሉኝ ግን።»

«የድሮው ጠብታ ተሰንጥቋል። አዲስ የለም።»

«እንግዲያው ልውጣ?»

«ማን እንደገጠመው ካላሳየሁ አዛዡ መቀባቱን ረስቶ ነው ይለኛል።»

ከሰዓት በኋላ የማርቆስ እርሻ ወዳለበት ወደ ጫኖ ወረደች። ማርቆስ የመስኖውን ውሃ ወደ ማንጎ ዛፎቹ እየመለሰ ነበር። አካፋውን ሳይለቅ አናገራት።

«ስልክ ሲደወልልኝ እዚሁ ነበርኩ። ስደርስ አልጋ ላይ አስተኝተውታል።»

«መኪና ውስጥ እንደሚጸልዩ ያውቁ ነበር?»

«ማን የማያውቅ አለ? ከልጁ በቀር። ሜሮን አዋሳ ልትማር ከሄደች ወዲህ ነው የጀመረው፤ አሁን ለእረፍት መጥታ ነው።»

«ሞተር ያን ያህል ሲሠራ የሚሰማ ጠፋ?»

«ምኑ ይሰማል? ሹክሹክታ ነው እኮ የሚመስል፤ ሳይዛነፍ፣ ቀጥ ብሎ።»

የሺመቤት ወደ ዛፎቹ ቀና አለች። «ያማሩ ናቸው።»

«ሃያ ዓመት። እያንዳንዷን የተከልኩ እኔ ነኝ። መሬቱ ግን የአባታችን ነው፤ በታላቄ ስም።» አካፋውን ጭቃው ውስጥ ሰካው። «ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጠው ነበር። በቃል ነው፤ ገና አልተፈረመም።»

በማግስቱ አራቱንም ጋራዡ ፊት ሰበሰበቻቸው፤ ወይዘሮ አገርነሽን፣ ከለቅሶው ወዲህ አንደበቷ የታሰረውን ሜሮንን፣ ማርቆስን፣ ዳልጮንም ከአጃቢ ፖሊስ ጋር። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ መኪናዋን አስነሣች። ኤሲውን ከፈተች። ሞተሩ ጥቂት ዝቅ አለና ያዘ። አልተንቀጠቀጠም።

ወይዘሮ አገርነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«በሽታዋ ነበር አቶ ዕዝራን የሚጠብቃቸው» አለች የሺመቤት። «ራሳቸውን ለመግደል የፈለጉ ሰው መኪና አሠርተው አይጀምሩም። የሠራት ሌላ ሰው ነው። ዳልጮ አይደለም፤ አዲስ የጥፍር ቀለም የለም። የሠራው ሰው አሮጌውን ሴንሰር ከመፍታቱ በፊት የነበረበትን ቦታ በመርፌ ጭሮ ምልክት አድርጓል። እንዲህ የሚያደርገው በትምህርት ቤት የተማረ ነው።»

«እውነት ነው» አለ ዳልጮ። «እኛ እናውቀዋለን ብለን ነው የምናበላሽ።»

«እኔ ነኝ» አለች ሜሮን።

እናቷ ዞሩ።

«አዋሳ የምማረው አውቶ ነው። አጎቴ ሴንሰሩን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሰጠኝ። ‹አትንገሪው፣ ድንገት ደስ ይበለው› አለኝ። በዋዜማው አባዬ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ገጠምኩት። ኤሲ ሲከፈት እንዳይጠፋበት ብዬ ሚኒሞውን ከፍ አደረግኩለት።» ወደ ጋራዡ በር አመለከተች። «እዚህ ዘግቶ እንደሚቀመጥ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም፣ እማዬ።»

«መኪናዋን መሥራትሽንስ ለእኔ ማን ነገረኝ?»

የሺመቤት ወደ ማርቆስ ዞረች።

«የሠራችው መቀመጣቸውን አታውቅም። እናትየው መሠራቱን አያውቁም። ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ ሰው ነው።»

«ስጦታ ነው የሰጠሁት!» አለ ማርቆስ። «ስጦታ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ሞተሩ እንደ ሹክሹክታ፣ ቀጥ ብሎ እንደሚሠራ ነገሩኝ። ሞተሩ የጠፋው ለእርስዎ ከመደወሉ በፊት ነው። መኪናዋ እስከ ዛሬ አልተነሣችም። የት ሰሙት?»

«ሜሮን ነገረችኝ፤ በስልክ።»

«‹ሠራሁት› ብቻ ነው ያልኩህ፣ አጎቴ።»

«ሙዙስ?» አለች የሺመቤት። «ወንድምህ ሞተ ተብሎ የተጠራ ሰው ሙዝ ተሸክሞ ይመጣል? የተቀመጠው ደግሞ ቤቱ በር ላይ አይደለም፤ እዚህ ነው። የመጡት እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው።»

ማርቆስ ሙዙን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሁሉ አየው።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ስለ ማንጎዎቹ። ሲጸልይ ሰማሁት። መሬቱን ሲሰጥ፣ ስለ ዛፎቹ ሲያመሰግን። ስሜን አልጠራም። መኪናዋ ዛሬ ስላልጠፋችበት እንኳ ጌታን አመሰገነ። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ሞተሩ አልቆመም። አሁን ይጠፋል ብዬ ጠበቅሁ።»

«እንደማይጠፋ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።» መዳፉን አየ። «እጄ በሩ ላይ ነበር።»

ፖሊሱ የዳልጮን እጅ ለቀቀ፤ ዳልጮ ግን ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስል ባለበት ቀረ። የሺመቤት ዐቃቤ ሕጉ የሚለውን አስቀድማ ታውቃለች፤ በር አለመክፈት በሕጉ ላይ ያለው ቦታ ትንሽ ነው፤ ዛሬ ያለውንም ሰውየው ነገ ይክዳል። ዛፎቹም በቃል የተሰጡ ነበሩና ከእሱ ጋር ይቀራሉ። ‹ነገሩን ባልፈታውስ ኖሮ?› ብላ ወደ ሜሮን አየች። ዳልጮ ታስሮ ይቀር፣ ልጅቷ ግን ከዚህ ትድን ነበር፤ መልሱን ወዲያው ስላወቀችው ዓይኗን መለሰች።

«ራሱን አልገደለም» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። የለመኑትን አገኙ። ወደ ልጃቸው ግን አልዞሩም።

ሞተሩ ይሠራል። ሜሮን ከጋራዡ መደርደሪያ ካቻቢቴ አንሥታ የመኪናዋን የሞተር ክዳን ከፈተች። የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለች። የሚኒሞውን ብሎን ወደ ነበረበት መለሰች። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ ድርግም አለች።

«እንዲህ ነበር የምትጠፋው?»

«አዎ» አሉ እናቷ። «ከዚያ የአባትሽ ድምፅ ይሰማ ነበር።»

ሁሉም ጆሯቸውን ወደ ጋራዡ እንዳደረጉ ቆሙ።