ከጄኔሬተሩ አጠገብ

«ዝገት» የተባለው የሮክ ባንድ በተበተነ በዘጠነኛው ዓመት አራቱም አባላት ታርቀው አንድ ኮንሰርት ብቻ ሊያቀርቡ ነው የሚለው ወሬ የደረሳት፣ በምትሠራበት መነጽር ቤት የኋላ ክፍል ሌንስ ስትሞርድ ነው። ከመደንገጧ የተነሳ ሌንሱን አበላሸችው። የአንድ ጡረተኛ ዳኛ የማንበቢያ መነጽር ነበር፤ ሰውየው ሳያነቡ አንድ ሳምንት ተጨማሪ ከረሙ።

እዚያው እንደቆመች፣ እጇን በሽርጧ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ በባንዱ አድናቂዎች የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጻፈች፦ «ከኮንሰርቱ በፊት ለምን አንገናኝም? አንድ አዳራሽ እንፈልግ። ሁሉም ከቤቱ ምሳውን ይዞ ይምጣ። የድሮዎቹን ዘፈኖች አብረን እንዝፈንና ወደ ስታዲየሙ በእግራችን እንሂድ።»

ሃያ ሰው ቢመጣ ብላ ነበር። በሳምንቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተመዘገበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና አባት ያወጡላት ስም ተረሳና «ሊቀመንበር» ሆና ቀረች።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ የሒሳብ አስተማሪ ናት። የፈተና ወረቀት እያረመች ቀና ትልና «ለራስሽ ሠርግ እንዲህ ብትሮጪ ኖሮ ይሄኔ የልጅ እናት ነበርሽ» ትላታለች። እትዬ ለሁሉም ነገር መልስ አላት፤ መልስ ያጣችበት ቀን አይታወቅም።

ሊቀመንበሯ አዳራሽ አገኘች። ድሮ የቤት ዕቃ መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ በአቧራ የተሸፈነ ባዶ ቤት ነው። ግን መብራት የለውም። ይህንኑ በገጹ ላይ አማርራ፣ «ጄኔሬተር የሚያመጣልን ሰው መነጽር ቤት መጥቶ ያነጋግረኝ» ብላ በጻፈች ማግስት፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ረጅም ሰው የመነጽር ቤቱን በር ገፍቶ ገባ።

«ምን ልርዳዎት? መነጽር ነው?»

«ዓይኔ ደህና ነው» አለ። «ጄኔሬተር የምትፈልገውን ሴትዮ ነበር የምፈልገው።»

«እኔ ነኝ። ሴትዮ ግን አይደለሁም።»

ፊቷን ትኩር ብሎ አየና ሳቀ። «ክብርት ሊቀመንበር! እኔ ሞተር ነኝ።»

ሳታስበው አፏን በእጇ ያዘች። ሞተር በገጹ ላይ ስለ እያንዳንዱ ዘፈን የከበሮ አመታት ሦስት አራት አንቀጽ የሚጽፈው፣ የሚያስቃቸው፣ የሚያከራክራቸው ሰው ነው። ወሬኛና ወፍራም አድርጋ ነበር የሳለችው። በአካል ግን ቀጭን ነው፤ ቃላቱንም ቆጥቦ ነው የሚያወጣቸው።

«ጄኔሬተሩን ከየት ታመጣዋለህ?»

«ሥራዬ እኮ ነው። የሆስፒታሉንም የሆቴሎቹንም የምጠግነው እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ምድር ቤት ውስጥ ኖሬአለሁ።»

«ታዲያ አይሰለችህም?»

«ምን አልሽ?»

«አይሰለችህም ወይ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ» አለና አሁንም ሳቀ።

ስድስት ሳምንት አብረው ለፉ። ከሥራ ሲወጡ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መጋዘኑ ይገናኛሉ። ጠረጉ፣ ግድግዳ ቀቡ፣ ድምፅ ማጉያ ሰቀሉ። የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ባጅ በእጃቸው ጻፉ። ሁለተኛው አልበም ይበልጣል ትላለች እሷ፤ ሦስተኛው ነው ይላል እሱ፤ ክርክሩ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ይቀጥላል። አንድ ቀን እሱ ሁለት ባጅ ለብቻ ጽፎ አመጣ። በአንደኛው ላይ «ሊቀመንበር»፣ በሌላኛው ላይ «የሊቀመንበሯ ሞተር» ይላል። የራሷን ሲያንጠለጥልላት ጣቱ አንገቷን ነካ። ከዚያ እሷ መጥረጊያውን አንስታ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረገችው።

መንገድ ላይ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ነው የሚሄደው። በሌላኛው ጎኑ ከሆነች ቀስ ብሎ ዞሮ ቦታውን ይይዛል። ከመኪና ሊከልላት መሰላት፤ አንጀቷን በላት። ስልክ ደውላለት አንስቶ አያውቅም፤ ወዲያው ግን ጽሑፍ ይልካል፦ «ደወል አልወድም። ጻፊልኝ፣ ጽሑፍሽን ደግሜ አነበዋለሁ።» ይህንንም ወደደችለት። ከሁሉም በላይ ግን የምትወድለት አስተያየቱን ነበር። ስታወራ ዓይኑን ከከንፈሯ አይነቅልም። ሌሎች ወንዶች ስታወራ የሚያዩት ስልካቸውን ነው።

«ምንድን ነው እንዲህ የምታየኝ?»

«ስታወሪ አይሻለሁ።»

«ጆሮህ ምን ሆኖ ነው በዓይንህ የምታዳምጠው?» አለችው እየሳቀች።

ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ። «ከኮንሰርቱ በኋላ አንድ ነገር እነግርሻለሁ» አለ።

ሌሊቱን ያን «አንድ ነገር» እያገላበጠች አደረች። ሴት ልጅ እንዲህ ስትባል የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷም ያንኑ አሰበች።

ኮንሰርቱ ሁለት ቀን ሲቀረው የመነጽር ቤቱ ባለቤት ቢሯቸው አስጠሯት። «ልጄ፣ በሌላው ከተማ ቅርንጫፍ ልከፍት ነው። በኃላፊነት አንቺን ልልክሽ አስቤያለሁ። እስከ ሰኞ መልስሽን ስጪኝ» አሏት። ከተማው የአንድ ቀን መንገድ ነው።

«እሺ ጋሼ፣ ላስብበት» አለች። ደስ ሊላት ሲገባ መጀመሪያ ያሰበችው ሞተርን ነበር።

እትዬ ነገሩን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ ምን ማሰብ ያሻዋል? ሥራ አስኪያጅ ልትሆኚ እኮ ነው።»

«እሱስ?»

«ማነው እሱ? ሞተሩ? በአፉ የነገረሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ጠይቂው። አንድ ጊዜ፣ ቁርጥ አድርገሽ። ሰው በዓይን ብቻ አይታጭም።»

ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ መጋዘኑ ሰው በሰው ሆነ። ጥቁር ቲሸርት ሆዱ ላይ የጠበበው የባንክ ሠራተኛ መጣ። ከጎረምሳ ልጇ ጋር እኩል የምትጮህ እናት መጣች። ሁለት ሙሉ አውቶቡስ ሰው ከሌላ ከተማ መጣ። ምሳውን የረሳ ካመጣው ጋር በላ። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ድምፅ ሲዘፍን የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ሰዎች መጥተው እያቀፉ «ሊቀመንበር፣ ኑሪልን» ይሏታል። እሷ ግን ዓይኗ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ሰዉ ወደ ስታዲየሙ ለመውጣት መሰለፍ ሲጀምር ከመጋዘኑ ጀርባ ሄደች። ሞተር ከጄኔሬተሩ አጠገብ ተንበርክኮ የነዳጁን ልክ እያየ ነበር። ማሽኑ ምድሩን ያንቀጠቅጠዋል። እንድትጮህ ግድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ተጮሆ አይነገርም። እሱ ብድግ ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። እሷ ዓይኑን ማየት አልቻለችም። አንገቷን ደፍታ፣ የባጇን ገመድ በጣቷ እየጠቀለለች፣ አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ያላትን ሁሉ ተናገረች። ለራሷ እንኳን ጮክ ብላ ያላለችውን ቃል አለችው። ከዚያ ስለ ሥራው ነገረችው። በመጨረሻም፣ «ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችው።

ቀና አለች። ሞተር ፈገግ ብሎ ነበር። ከኋላዋ ሰልፈኞቹ «ሊቀመንበር! ሊቀመንበር!» እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እሱም ወደነሱ አየና በእጁ ወደ በሩ አመለከተ።

«ሂጂ፣ ሂጂ!» አለ ጮክ ብሎ። «ስለ እኔ አታስቢ! እኔ እዚህ ሥራ አለኝ!»

የጠቀለለችውን የባጇን ገመድ ለቀቀችው። «እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ!» አለና አውራ ጣቱን አነሳላት።

ሦስት መቶ ሰው እየመራች ሄደች። ሰዉ ይዘፍናል፤ እሷም አፏን ታንቀሳቅሳለች። በስታዲየሙ ውስጥ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶውን ዋለ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ባንድ ወጥቶ ሲጫወት የትኛውን ዘፈን በየትኛው እንዳስከተለ እስከ ዛሬ ብትጠየቅ አታውቅም። በሌላኛው ጎኗ የነበረችው ሴት ስታለቅስ አይታት «አይዞሽ፣ እኔም በደስታ አልቅሻለሁ» አለቻት።

ማታ ላይ «እንዴት ነበር? እኔኮ ልመጣ አልቻልኩም፣ ነገ ላግኝሽ» የሚል ጽሑፍ ደረሳት። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው አለች በልቧ። ሰኞ ለጋሼ እሺ አለቻቸው። ለሱም «ሥራውን ተቀብያለሁ። መልካሙን ሁሉ» ብላ ላከችና መልሱን ሳትጠብቅ ቁጥሩን ዘጋችው። የአድናቂዎቹንም ገጽ ለቀቀች።

በአዲሱ ከተማ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀር ጋሼ «ከመነጽር ጋር የጆሮ መሣሪያም እንሽጥ» አሉና አንዲት ባለሙያ ላኩ። ባለሙያዋ ሠራተኞቹን ሰብስባ ታስረዳ ጀመር።

«የሚመጣላችሁ ሰው አልሰማም ብሎ አይነግራችሁም፤ ያፍራል። እናንተ ናችሁ የምታውቁበት። በደህናው ጆሮው በኩል ያስቀምጣችኋል። ስልክ አያነሳም። ስታወሩ ከንፈራችሁን ነው የሚያየው። ያልሰማውን ደግሞ እንደሰማ ሆኖ ፈገግ ይልና እሺ ይላል፣ ሂዱ ይላል፣ ብቻ የመጣለትን ይላል።»

ሊቀመንበሯ የያዘችው ወረቀት ከእጇ ወደቀ። «ጄኔሬተር የሚጮህበት ቦታ ላይስ?» ስትል ራሷን ሰማችው።

«እዚያማ የኔም ጆሮ አይሰማ» አለች ባለሙያዋ፤ ሁሉም ሳቁ።

ዓርብ አውቶቡስ ተሳፈረች። ቅዳሜ ጠዋት እሱ የሚሠራበትን የጥገና ቤት ደጃፍ ስትረግጥ ሞተር ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን ይፈታ ነበር። ከቀኝ ጆሮው ኋላ ትንሽ ነጭ መሣሪያ አለች። «ሞተር» አለችው፤ ጮክ ሳትል። ዞረ።

«ሊቀመንበር!» አለ። ሳጥን ገልብጦ ጨርቅ አነጠፈላት።

«ስለ ጆሮህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ከኮንሰርቱ በኋላ እነግርሻለሁ አላልኩሽም? ግራው ቀድሞ ሞቷል። ቀኙ እየሄደ ነበር። ስታዲየም ከገባህ የቀረውንም ታጣዋለህ ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። ለዚህ ነው ያልመጣሁት።» ብሎኑን በጣቱ አሽከረከረ። «ከዚያ ጠፋሽ። ሦስት ቀን ተመላልሼ መነጽር ቤት መጣሁ፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች አሉኝ። የሆነ ሰው ነግሯት ነው፣ ደንቆሮ አልፈልግም ብላ ነው አልኩ።»

«እኔ? እኔ እንዲህ እላለሁ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ያን ቀን ምንድን ነበር ያልሽኝ?»

«ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ጠየቅኩህ። ሂጂ አልከኝ።»

ብሎኑ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ማንም አላነሳውም።

«ሰዉ እየጠራሽ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ወደ ስታዲየሙ ልሂድ ነው ያልሽኝ መስሎኝ...» ድምፁ በድንገት ከፍ አለ። «አንድ ጊዜ? አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀሽ ትሄጃለሽ? ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይደግምም?»

«አንተስ? ሰው ሳይሰማ እሺ ይላል?»

«ፈራኋ!»

«እኔም ፈራሁ!»

ከወዲያኛው ክፍል የሥራ ባልደረባው ብቅ ብሎ አይቷቸው ተመለሰ። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሞተር በሆስፒታሉ የምትሠራ ነርስ ሊያገባ ሦስት ሳምንት እንደቀረው ነገራት። ሐኪም ቤት ጎትታ የወሰደችው፣ መሣሪያውን ያስገዛችው እሷ ናት። «ደህና ሰው ናት» አለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል።

«ደስ ብሎኛል» አለች። ደስ እንዳላላት ሁለቱም ያውቃሉ።

ለመነሳት ስትል እጇን ያዘው። «ያን ቀን ብዙ ነው ያወራሽው። ከጥያቄው በፊት ሌላ ነገር ነበር። ከንፈርሽን ባላየውም ትከሻሽን አይ ነበር። ምን ነበር?»

«ነበር አንድ ነገር።»

«አሁን በይው።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አሁን ትሰማለህ» አለችና እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

እስከ ግቢው በር ተከተላት። ከዚያ አላለፈም።

እትዬ ቤት ስትደርስ ጠረጴዛው በፈተና ወረቀት ተሞልቷል። እህቷ ፊቷን አየችና ወንበር ሳበችላት። ሊቀመንበሯ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ጆሮው፣ ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ ሦስቱ ሳምንት። እትዬ አንድ ወረቀት አነሳች፤ ሳታርመው መለሰችው።

«ጠይቂው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጠየቅኩት እኮ፣ እትዬ» አለች ታናሿ፤ እንባዋ ያኔ ነው የመጣው። «ጠየቅኩት።»