በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የተቆለፈ እርማት

ወገኖቼ፣ ሰው የገዛ መሥሪያ ቤቱ ሥራ እንዲሰናከል ይመኛል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ይህ የማወጋችሁ ሰው ግን ተመኝቷል። ያውም ክፉ ሆኖ አይደለም። የተቸገረ ሲያይ ዝም ብሎ የማያልፍ፣ ጎረቤቱ የሚወደው፣ የአርባ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው።

ከሦስት ቀን በፊት መሰላል ላይ ወጥቶ የቤቱን አሸንዳ ሲጠርግ ተንሸራቶ ወደቀና ቀኝ ጭኑ ተሰበረ። አሁን ሆስፒታል፣ ከወሊድ ክፍሉ ትይዩ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እግሩ በገመድና በክብደት ተወጥሮ ተኝቷል። ስልኩ ደረቱ ላይ ነው። በየደቂቃው አንሥቶ ያየዋል። ዝም። መልሶ ያስቀምጠዋል።

«ስልኩን እንደ እንቁላል ታቅፈኸዋል» አለች ታላቅ እህቱ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥለታለች። «መቼ ነው የሚፈለፈለው?»

«ከቢሮ ይደውላሉ፣ እታለም። ዛሬ ያለ እኔ ቢልድ ሊያደርጉ ነው። ሲያቅታቸው ይደውላሉ።»

«ካላቃታቸውስ?»

«ያቅታቸዋል» አለና ፈገግ አለ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። ሰውየው የሚሠራበት ቢሮ በሆስፒታሎችና በደም ባንክ መካከል የሚቆም ሶፍትዌር ያስተዳድራል። ሐኪም «ይህን ዓይነት ደም፣ ይህን ያህል» ብሎ ሲጽፍ፣ ሶፍትዌሩ ጥያቄውን ይቀበልና ወደ ቅርቡ ማከማቻ ይልከዋል፤ እዚያ ከሌለ ወደ ቀጣዩ ያሳልፈዋል፤ መልሱንም ለጠያቂው ያደርሳል። በአጭሩ፣ ደብዳቤ እየለየ የሚያድል ፖስተኛ ማለት ነው። ጃቫ በተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ወስዶ ይሠራበታል፣ ጉድለት ያገኘ አርሞ ለባለቤቶቹ ይመልሳል። ከዚያ ኮድ የሚሠራውን ፕሮግራም ገጣጥሞ ማውጣት «ቢልድ ማድረግ» ይባላል፤ በትክክል መሥራቱን የሚያጣራው ሙከራ ደግሞ «ፈተና»።

በዚህ ቢሮ ታዲያ ቢልድ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው፤ ያውም በራሱ ኮምፒውተር። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሞክሮ ጥያቄዎች መንገድ ላይ ሲጠፉ፣ «ለእኔ ተዉት» ብሎ በግማሽ ሰዓት አስተካከለው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀርቶ «ቁልፉ» ተባለ። ስሙም እንደ ማር ጣፈጠው።

በዚህ ሳምንት ግን ደም ባንኩ አዲስ ማከማቻ ከፈተ፤ ሶፍትዌሩም አዲሱን መንገድ ማወቅ አለበት። ቁልፉ ለአለቃው፣ «ሦስት ሳምንት ብትጠብቁኝስ?» ብሎ ነበር። አለቃዋም፣ «የሚደማ ሰው ሦስት ሳምንት ይጠብቃል?» ብላ ሥራውን «አዲሷ» ለሚሏት ባልደረባ ሰጠችው። አዲሷ ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ከእሱ ኋላ ስለመጣች ብቻ እስከ ዛሬ አዲሷ ናት።

«ቆይ እንጂ፣ ሥራው ቢበላሽ ደስ ሊልህ ነው?» አለች እህቱ ብርቱካኑን ይዛ።

«የእኛን ሥራ አታውቂውም፣ እታለም። የምታውቂውን ሁሉ ከዘረገፍሽላቸው በኋላ ማን ዞር ብሎ ያይሻል?»

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። በጣቷ ግንባሩን ጠቋቆመችው። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የምልጥልህ ሱቄን ዘግቼ መሰለህ? የደንበኛው ሁሉ ልክ ደብተር ላይ ሰፍሯል፣ ቅዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሴቶቹ እየሰፉ ነው። እኔ ብሞት እንኳ የአንዲት ደንበኛዬ ኮት ቅዳሜ ይደርሳል።»

«እና አንቺን ማን ያስታውስሻል?»

«ኮቱ ልክ የሆነላት ሴትዮ!»

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ቁልፉ ጉሮሮውን ጠርጎ አነሣው። ጥሪ ሳይሆን የአዲሷ አጭር መልእክት ነበር፤ «ተሳክቷል፣ ጋሼ። ፈተናው ሁሉ አለፈ። ይማርዎ።»

ፊቱ ዳመነ። ብርቱካኑንም አልበላም አለ።

አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ኮሪደሩ ተናወጠ። አንዲት ነርስ ስልክ በጆሮዋ ይዛ ከወሊድ ክፍል ወጣች። «ቀይ ደሙ ደርሶናል! እኔ የምልህ ደም የሚያረጋውን ፕላዝማ ነው! … ምን ማለት ነው ጥያቄው አልደረሰንም? ሁለቴ ልኬዋለሁ! … አውቃለሁ፣ በስልክ እንደማትሰጡ አውቃለሁ፤ ሴትየዋ ግን እየደማች ነው!»

ከኋላዋ የሾፌር ካፖርት የለበሰ ወጣት፣ የምትደማዋ ሴት ባል፣ ወጣ። አሁን የተወለደች ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎ ታቅፏል፤ የት እንደሚያስቀምጣት የጠፋው ሰው ይመስላል። «ሲስተር፣ ምን አሉሽ? ይመጣል አይደል?» ይላል ደጋግሞ።

ቁልፉ አልጋው ላይ ጆሮውን ቀሰረ። ግማሹ መጥቶ ግማሹ ቀረ? ይህን በሽታ ያውቀዋል! በዚያ ቢሮ ከእሱ ሌላ የሚያውቀው የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው ያገኘው። ቅርቡ ማከማቻ «የለኝም» ሲልና ጥያቄው ወደ ቀጣዩ ሲተላለፍ፣ ሶፍትዌሩ የጠያቂውን አድራሻ መንገድ ላይ ይጥላል። አድራሻ የሌለውን መልእክት የሚቀበለው የለም፤ ማንም ከፍቶ የማያየው የወደቁ መልእክቶች ሳጥን ውስጥ ይገባል። ቁልፉ ዘጠኝ ቀን ለፍቶ ስሕተቱን አንዲት ፋይል ውስጥ አገኘውና አረመው። የታረመችውን ፋይል በቀድሞው ስምና በቀድሞው የእትም ቁጥር (ቨርዥን) ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀመጣት። ለማንም አልነገረም። መጀመሪያ ነገ እነግራለሁ ብሎ ነበር፤ በኋላ «የቁልፉ እጅ ካልነካው አይሠራም» ሲባል ሰምቶ ተወው። ዛሬም ቢልዱ ፈተናው ላይ ይወድቃል፣ እነሱም ይደውላሉ ብሎ ነበር የጠበቀው። ይህን ጉድለት የሚይዝ ፈተና ግን አልነበረም። መጻፍ የነበረበት እሱ፣ ያልጻፈውም እሱ!

«ስልኩን!» ብሎ ጮኸ፤ ስልኩ እጁ ውስጥ ነበር። ደወለና ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አዲሷ፣ የወደቁ መልእክቶች ሳጥንን ክፈቺው! አሁኑኑ! እዚህ አንዲት ወላድ ፕላዝማ አጥታ እየደማች ነው!»

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ። «ውይ ጋሼ! አሥራ አንድ ጥያቄ እዚህ ወድቋል! የትናንቱን ፕሮግራም ልመልሰው?»

«የትናንቱ አዲሱን ማከማቻ አያውቀውም። ነባሮቹ ማከማቻዎች ፕላዝማ ከጨረሱ ቆይተዋል፤ ያለው አዲሱ ጋ መሆን አለበት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ኮምፒውተሬን አምጡልኝና እኔ ልሥራው» የሚለው ቃል በቁልፉ ምላስ ጫፍ ላይ መጥቷል። ማንም ሳያውቅ አስተካክሎ፣ ዳግመኛ ጀግና ሊባል! መንገዱ ግን የአርባ ደቂቃ ነው። ቀና ሲል ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሕፃኗ ፎጣው ውስጥ ታዛጋለች።

«የታረመችው ፋይል እኔ ኮምፒውተር ላይ ናት» አለ።

«የምን የታረመች?» የአለቃዋ ድምፅ ከጀርባ መጣ።

«ጉድለቱን ካወቅሁት ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ደብቄያችሁ ነው። በኋላ ትሰድቡኛላችሁ፣ አሁን ኮምፒውተሬን ክፈቱ!»

«ፓስወርዱ?» አለች አዲሷ።

ቁልፉ እህቱን አየ፣ ነርሷን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ላብ አጠመቀው። «ከእኔ በላይ ማን» አለ በቀስታ።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«ከእኔ በላይ ማን! ሳይለያይ ተጣብቆ! መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር!»

እህቱ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ነርሷ እንኳ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ከንፈሯን ነከሰች። በስልኩ ውስጥ ኪቦርዱ ተንጣጣ። «ገባሁ» አለች አዲሷ ብቻ። ጨዋ ናት።

ፋይሏን ወስዳ ቢልድ አደረገች።

«ጋሼ፣ ቢልዱ አለቀ፤ ግን ያው ነው! አድራሻው አሁንም ይጠፋል!»

«አይሆንም! ምን አጠፋን?» ቁልፉ ዐይኑን ጨፍኖ አሰበ። ከዚያ በተሰቀለ እግሩ ሊነሣ ቃጥቶት ገመዱ ተንቋቋ። «ቁጥሩ! ቁጥሩ አንድ ነው! የቢሮው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የቀድሞዋን ቅጂ አስቀምጧል፤ የታረመችውንም ያችው ናት ብሎ አይወስዳትም። ስሟንም ቁጥሯንም ቀይሪ! የሦስት ዓመት ጥፋቴ ይኸው ነው፣ ሁለቱን ተመሳሳይ ማድረጌ!»

«ስሟን ‹አድራሻ የማትጥል› ብያታለሁ። አሁን ፈተና ልጽፍላት ነው።»

«ፈተናውን ተይው፣ ጊዜ የለም!»

«ሁለት ደቂቃ ነው፣ ጋሼ። ሳትፈተን ሰድጄ እንደገና ብትወድቅ ሴትየዋ ሌላ ዕድል አላት?»

እውነቷን ነው። ቁልፉ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው እጅ ሲሠራ እየሰማ ቆየ፤ እጇ ደግሞ እንዴት ፈጣን ነው! «በድሮዋ ፋይል ፈተናው ወደቀ፣ እንደጠበቅሁት» ትላለች። «አሁን በታረመችው … እየሄደ ነው … ጋሼ፣ አለፈ! ፈተናው አለፈ! ጫንኩት! አሥራ አንዱንም ከመነሻቸው እየላክኋቸው ነው!»

ነርሷ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች። ከኮሪደሩ ጫፍ እልልታዋ ቀድሞ መጣ። «የመረከቢያ ቁጥር ተሰጠን! ፕላዝማው ከአዲሱ ማከማቻ ወጥቷል! ሞተረኛው ተነሥቷል!»

እህቱ ወንድሟን ጭንቅላቱ ላይ ሳመችው፤ ወዲያው ደግሞ ኩርኩም አቀመሰችው። ሁለቱም ይገባዋል።

ሞተረኛው በአሥራ ሰባት ደቂቃ ደረሰ። የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ሳጥኑን ይዞ በኮሪደሩ ሲሮጥ ቁልፉ በተከፈተው በር አየው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ረጅም ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነርሷ ብቅ ብላ ጓንቷን እያወለቀች፣ «ቆመ። ደሙ ቆመ። ውሃ ስጡኝ እያለች ነው» አለች። ሾፌሩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሕፃኗን እንደታቀፈ አለቀሰ። ሳቅም ነበረበት። ቁልፉም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግሥቱ አለቃዋና አዲሷ መጡ። አለቃዋ አልጮኸችም፤ እንዲያ ስትሆን ነው የምታስፈራው። «ትናንት ያ ሳጥን ሳይከፈት ቢውል ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?» አለችው። ወንበር ስባ ለአዲሷ ሰጠቻትና፣ «ሌላም የደበቅኸው ካለ አሁን ተናገር፤ ትጽፋለች» አለች። እስከ ማታ ተናገረ። አዲሷም ጻፈች፣ ጠየቀች፣ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ አረመችው። ሲታረም ደስ እንደሚል ማን ነግሮት ያውቃል!

መጨረሻ ላይ እርማቷን ከነፈተናዋ ለሶፍትዌሩ ባለቤቶች፣ ለዓለም ሁሉ ክፍት በሆነው ቦታ ላኩ። በአራተኛው ቀን ባለቤቶቹ ተቀበሏት። በዚያው ዕለት ስሟን ሰምቶ የማያውቃት አንዲት የሩቅ አገር መሐንዲስ ጻፈችለት። ቁልፉ ደብዳቤውን ለእህቱ ጮክ ብሎ ሊያነብላት ጀመረ። «እኛ ይህን ሶፍትዌር የምንጠቀምበት ለአምቡላንስ ጥሪ ነው። ጥሪዎች ለምን እንደሚጠፉብን ሁለት ዓመት ፈልገን አላገኘነውም። ጥፋቱ የእሱ ነው ተብሎ አንድ ባልደረባችን ከሥራ ተባሯል። ዛሬ የእርስዎን እርማት አትሜ…»

እዚህ ላይ ማንበቡን አቆመ። እህቱ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ቀሪውን አነበበችው፤ «… ወደ ቤቱ እየሄድኩ ነው፤ እንዲመለስ ልነግረው።»

ወገኖቼ፣ የምታውቁትን ነገር ቆልፋችሁ ስትይዙ ራሳችሁን ያስከበራችሁ ይመስላችኋል። ቆጥራችሁ የማትጨርሱት ሰው ግን፣ በማታውቁት አገር፣ ባላጠፋው ጥፋት አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ተቀምጦ ይሆናል። ያገኛችሁትን ጻፉ፤ ጓደኛችሁ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጡ፤ ለባለቤቱ መልሱ። ዛሬውኑ አድርጉት፣ እግራችሁ ሳይሰበር።