የተቀበረው ሃሌሉያ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ዐሥራ አምስት ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ከፍ ብላ በቆመችው በቅድስት ጣቢታ ደብር፣ ምእመናን ሃሌሉያን ለመቅበር ተሰበሰቡ።

ልማዱን ለማያውቅ ሰው ቀብር ሲባል ሬሳ ይመስለዋል፤ የሚቀበረው ግን ጨርቅ ነው። ኤጲስቆጶሳውያን በሚባሉት የአሜሪካ አንግሊካኖች ዘንድ ጾመ አርብዓ ሊገባ ሲል ባለው የመጨረሻ እሑድ፣ ቃሉ የተጠለፈበት ሰንደቅ በእንጨት ሣጥን ተከትቶ በደብሩ አጸድ ይቀበራል፤ ከዚያች ቀን አንሥቶ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ድረስ ሃሌሉያ የሚል አንደበት በቤቱ አይሰማም። የሚኒሶታ ምድር በየካቲት አካፋ ስለማያስገባ፣ ጉድጓዱ ውርጩ ሳይገባ በኅዳር ይቆፈርና ሳንቃ ተከድኖበት፣ ገለባ ተነስንሶበት የበረዶውን ወራት ሙሉ ይጠብቃል። ቆፋሪው ደጀኔ የሚባል፣ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ንግግር የማይወድ ሰው ነበር፤ የወይዘሮ የትምወርቅ ባል።

ወይዘሮ የትምወርቅ የደብሩ የመሠዊያ ማኅበር አለቃ ነበረች፤ ሹመቱ በአዋጅ ባይሆንም እንደ በትረ መንግሥት የምትጠብቀው ሹመት ነው። ከኬንያ የስደተኞች ሰፈር ከባሏ ጋር ስትመጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ካፖርት ይዘው የተቀበሏት የዚህች ደብር ሰዎች ናቸው። የአዲስ አበባ የኦርቶዶክስ ልጅ ብትሆንም፣ ጧፉንና ጽዋውን፣ ልብሰ ተክህኖውንና መስቀሉን ስታይ «ይሄስ የማውቀው ቤት ነው» ብላ እዚያው ቀረች። ወዳጆቿ «ሴት የምትቀድስበት ቤት!» እያሉ ቢያሾፉባትም፣ እሷ ሁለቱንም ጾም ጾማ፣ ሁለቱንም ፋሲካ ፈስካ ትኖር ነበር። ሮዝቪል ገበያ ማዕከል ውስጥ ልብስ እያጠበበችና እያሳጠረች ስለምታድር፣ መርፌዋን የሚስተካከል በደብሩ አልነበረም። በመጣችበት ዓመት ነጭ በፍታ ላይ በወርቅ ክር ሃሌሉያን በአማርኛ ፊደል ጠለፈች፤ ከዚያ ወዲህ በየፋሲካው ዋዜማ ሣጥኑ ሲከፈት የሚወጣው እሱ ነው፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ነጠላዋን አስተካክላ ከሣጥኑ ራስጌ የምትቆመውም እሷ ናት። በዓመት አንዲት ደቂቃ ናት፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ትበቃታለች።

ይህችን ደቂቃ የነጠቀቻት ጃለኔ ናት።

ጃለኔ ከቡርንስቪል እየነዳች የምትመጣ፣ ሳቂታ፣ ድምፀ መልካም የሆስፒታል ነርስ ነበረች። መጀመሪያ «እትዬ፣ እኔንም ያስተምሩኝ» ብላ የመጣች ጊዜ የትምወርቅ ደስ ብሏት ሁሉንም አሳየቻት፤ የጽዋውን መጥረጊያ አስተጣጠብ፣ የሻማውን አከረካከም፣ ከሁሉም በላይ የማኅበሩን ሕግ፤ «የመሠዊያ ጨርቅ ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም። የታጠፈ ጨርቅ ጠባሳ ይይዛል» እያለች። ልጅቱም ተማረች፤ ተማረችና በሁለተኛው ዓመት የራሷን ሰንደቅ ጠልፋ አመጣች፤ ሃሌሉያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ወንዝ የሚፈስበት። የደብሩ ጉባኤ አይቶ በአንድ ድምፅ ወደደው።

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ሊዲያ ነገሩን በፍቅር ልታስረዳት ሞከረች። «የትምወርቅ፣ ያንቺ ሰንደቅ ብዙ ዘመን አገልግሏል። አሁን በክብር ይረፍ።»

«ይረፍ» አለች የትምወርቅ፣ ቃሉን እንደ እሾህ ከአፏ እያወጣች። ቤቷ ስትደርስ ግን ለደጀኔ «እኔ ሳልሞት ተዝካሬን አወጡት!» ብላ ጮኸች። ደጀኔ ጫማውን እያወለቀ «ጨርቅ ነው እኮ» አለ። ሦስት ቀን አላናገረችውም።

እንግዲህ በዚያች እሑድ መዝሙሩ ተዘመረ፣ አዲሱ ሰንደቅም በልጆች እጅ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረ። ጃለኔ በዘንጉ ላይ በጥንቃቄ ጠቅልላ፣ ጎንበስ ብላ ለማኅበሩ አለቃ አስረከበች፤ የትምወርቅም ሣጥኑ ውስጥ ልታኖረው ወደ ዕቃ ቤት ገባች። ሕዝቡ ወደ ውጭ ሊወጣ ካፖርቱንና ጓንቱን ሲለብስ፣ ለልጆች ቦት ጫማ ሲያስር፣ ጊዜ ነበራት። የራሷን አሮጌ ሰንደቅ ከመሳቢያ አወጣችና ሣጥኑ ውስጥ አኖረች፤ የጃለኔን ከዘንጉ ፈትታ፣ ለሁለት አጠፈች፣ እንደገና ለሁለት አጠፈች፣ ከቦርሳዋ ግርጌ ወሸቀች። ሕጓን በገዛ እጇ ማፍረሷን ልብ ያለችው ክዳኑን ከዘጋች በኋላ ነው።

ሐሳቧ ግልጽ ነበር። በፋሲካ ዋዜማ ሣጥኑ ሲከፈት አሮጌው ይወጣል፤ ሕዝቡ ይደነግጣል፤ ጃለኔ ታፍራለች፤ እሷም «እኔ ምን ዐውቄ! አሮጌው አላርፍም ብሎ ይሆናል እንጂ» ትላለች። ደጀኔ አፈሩን ሲመልስ እሷ ከሁሉ በላይ በእንባ ዘመረች፤ እንባዋም የደስታ ነበር።

ሰው ያስባል እንዲሉ፣ ወሩ ሳይሞላ ወረርሽኙ መጣና የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ተዘጉ። የዚያን ዓመት ፋሲካ ምእመናን በየቤታቸው በዙም አከበሩት። ቄስ ሊዲያም ባዶ መቅደስ ውስጥ አንድ ሻማ አብርታ እንዲህ ስትል ዐወጀች፤ «ሃሌሉያችንን አናወጣውም። ሁላችንም በአንድነት ቆመን እስክናወጣው ድረስ በምድር ውስጥ ይጠብቀን።» ሰዎች በየስክሪናቸው አለቀሱ። የትምወርቅ ግን ፊቷ ዐመድ መሰለ፤ የቀበረችው ነገር የሁሉም ተስፋ ሆኖ ተገኘና።

በግንቦት ጃለኔ በሥራዋ ላይ ሳለች ታመመች፤ በኦክስጅን ተኛች። በዚያው ወር ሚኒያፖሊስ በአንድ ጥቁር ሰው በፖሊስ እጅ መገደል ምክንያት በሐዘንና በቁጣ ስትናወጥ፣ ደብሪቱ በረንዳዋን የዱቄትና የሕፃናት ወተት ማደያ አደረገች፤ የትምወርቅም ዓይኗ እስኪቀላ ድረስ የፊት መሸፈኛ እየሰፋች ላከች። በእሑዱ የዙም ጸሎት የሚጠራው ስም ግን የጃለኔ ነበር፤ ለጃለኔ ሻማ፣ ለጃለኔ መዝሙር። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና «ለእኔስ ማን ጸልዮ ያውቃል!» አለች። ልጇ ማዕዶት ከጎኗ ብድግ ብላ «ማም! ዩ አር ኖት ኦን ሚዩት!» ብላ ማይኩን አጠፋች። አማርኛ የሚሰማ ስላልነበረ፣ ሰዎቹ ልቧ የተሰበረ መስሏቸው ለእሷም ጸለዩ።

ያን ቀን ከሰዓት የጃለኔን ሰንደቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርግታ አየችው። መጥፎ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይቅር ትላት ነበር። ግን ጥሩ ነበር፤ ያውም በገዛ ራሷ የእጅ ስልት፣ በደረቷ አስጠግታ ባስተማረቻት ቋጠሮ የተሠራ። ልጅቱ ብትሞት በዚህ ምድር የሚቀራት ይህ ነው ብላ አሰበችና ደነገጠች፤ ድንጋጤዋ ግን ቅናቷን አላሸነፈውም። በታጠፈበት መሥመር መልሳ አጠፈችው፤ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ጣል አድርጋበት ሻንጣ ውስጥ ቆለፈችበት። ጃለኔ አልሞተችም፤ በክረምቱ ከሆስፒታል ወጣች፤ ከስታ፣ ማሽተት ተስኗት።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ሃያ አምስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ምእመናን የፋሲካን ዋዜማ በአጸዱ፣ ውጭ ቆመው እንዲያከብሩ ተፈቀደ። ጠዋት ደጀኔ ጉድጓዱን ሊያመቻች ሲነሣ፣ የትምወርቅ ሻንጣዋን ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች። ሌሊቱን ሙሉ ስታወላውል ነበር ያደረችው፤ እዚያ ስትደርስ የትኛው ሰንደቅ እንደሚወጣ ገና አልቆረጠችም።

የሁለት ጸደይ ውኃ ጉድጓዱን ጠጥቶት ነበር። ሣጥኑ አብጦ፣ ክዳኑ በመሮ ተላቀቀ። ውስጡ ጥቁር ጭቃ ነበር፤ በጭቃው መካከል የየትምወርቅ በፍታ ሻግቶ፣ ወርቁ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። ልታነሣው ስትሞክር በጣቷ ላይ ፈረሰ።

ደጀኔ አካፋውን ተደግፎ አየ። «ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የልጅቷስ?»

ወደ ሻንጣው በአገጯ አመለከተች። ደጀኔ ራሱን ነቀነቀና «ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፉ» አለ። ፍርስራሹንም በአካፋ ጫፍ ቀስ ብሎ አንሥቶ ከጉድጓዱ ግርጌ አፈር አለበሰው።

ምርጫ አልቀረላትም። ሣጥኑን ጠራርጋ የጃለኔን ሰንደቅ ዘረጋች፤ እጥፋቱ በመካከሉ ቁልቁልና አግድም ጠልቆ ይታያል። ካውያ እንዳታስነካው ፊደሉ የተጠለፈበት የወርቅ ክር በሙቀት ይኮማተራል፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠቅልላ አኖረችውና ክዳኑን መለሰች፤ ደጀኔም ሣጥኑን ወደ ጉድጓዱ አወረደው።

ፀሐይ ስትጠልቅ አዲሱ እሳት ተለኮሰ፤ የፋሲካው ሻማ በራ። ሕዝቡ ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ተራርቆ በክብ ቆመ። ደጀኔ ውኃ የሚንጠባጠብበትን ሣጥን አወጣ፤ ከዚያ ከበሰበሰ እንጨት ውስጥ ቄስ ሊዲያ እንደ ወተት የነጣ፣ ወንዙ የደመቀ ሰንደቅ መዝዛ በሻማው ፊት ዘረጋች።

«ደረቅ ነው!» አለች ቄሷ። «ዓመት ከምናምን ውኃ ውስጥ ተኝቶ፣ ደረቅ ነው!»

«መስቀሉን እዩት!» አለ አንድ ሽማግሌ። በእርግጥም የሻማው ብርሃን በእጥፋቱ ላይ ሲያርፍ በጨርቁ መካከል መስቀል ተሠራ። ሕዝቡ ሃሌሉያ እያለ አለቀሰ። የትምወርቅ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እንቢ አላት። ተአምር እንኳ ለጃለኔ! ቅናቷ ያኔም፣ በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ ነደደ።

ጃለኔ ግን አልዘመረችም። ወደ ሰንደቁ ቀረበችና ጣቷን በእጥፋቱ ላይ አሳለፈች፤ ቁልቁል፣ ከዚያ አግድም። ቀና ብላም በሕዝቡ መካከል የትምወርቅን ፈለገች።

ከጸሎት በኋላ ዕቃ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ጃለኔ ሰንደቁን በዘንግ ላይ እየጠቀለለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም ያሉኝ እርስዎ አልነበሩም?» አለች።

የትምወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ልትነግሪያቸው ነው?»

«ምን ብዬ? እርስዎ ባይወስዱት በስብሶ አልነበር?» ጃለኔ ፈገግ አለች። «ምቀኛ አታሳጣኝ የሚባለው ለካ እውነት ነው።» ከዚያ እጇ ቆመ፤ ፈገግታዋም ጠፋ። «እንዴ፣ ታዲያ ሣጥኑ ውስጥ ምን ነበር? የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የት አለ?»

«ፈረሰ።»

ጃለኔ አፏን በእጇ ያዘች። «ያ ወርቁ? ያ መጀመሪያ ያየሁት ቀን መርፌ ልማር ያልኩበት?» አለችና ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እንደ ልጅ፣ እየተንሰቀሰቀች። በዚያች ደብር ለየትምወርቅ ሰንደቅ ያለቀሰ ሰው እሷ ብቻ ናት። የትምወርቅም እያየቻት በይቅርታዋ እንኳ ቀናች፤ ቀናችና አፈረች፤ አፍራም አቀፈቻት።

ደብሪቱ መቶኛ ዓመቷን ስታከብር ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በወረርሽኙ ዘመን በወይዘሮ ጃለኔ እጅ የተሠራው ሃሌሉያ ከውኃና ከጭቃ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ፣ መስቀልም በላዩ መታየቱ ከነፎቶግራፉ ተጽፏል፤ ጉድጓዱን የቆፈረው ደጀኔም ተመስግኗል። ከዚያ በፊት ስለነበረው ሰንደቅ አንዲት መሥመር የለችም። ሌላም ያልተጻፈ ነገር አለ። በየዓመቱ ጾሙ ሊገባ ሲል፣ መዝሙሩ አልቆ ሕዝቡ ካፖርቱን ሲለብስ፣ ጃለኔ ሰንደቁን በዘንጉ ላይ ትጠቀልልና ለወይዘሮ የትምወርቅ ታስረክባታለች፤ ወደ ዕቃ ቤትም ብቻዋን እንድትገባ በሩን ትከፍትላታለች።