ዶሮው የማን እጅ ነው?

ዙሀራ እንደዚያ ቀን ተናዳ አታውቅም። ያናደዳት ደግሞ የምትወደው ሰው መሆኑ ነው!

ጀላል ከአሰብ በሚነሳ የጭነት መርከብ ላይ አራት ዓመት ሲያበስል ኖሮ በ1962 ዓ.ም. ኮልፌ እናቱ ቤት ተመለሰ። በተመለሰ በሳምንቱ ገበያ ውስጥ ዝንጅብል እያሸተተ ሲመርጥ ዙሀራ አየችው።

«እናትህ ልካህ ነው?» ብላ ተረበችው።

«ማንም አልላከኝም። የማበስለው እኔ ነኝ» አለ፣ ያውም ሴቱ ሁሉ እየሰማ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱ እቴ! ዓይኑን ከዙሀራ ሳይነቅል ዋጋ መከራከሩን ቀጠለ። ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ከተባለ ስሙ በሚጠፋበት ሰፈር እንዲህ ያለ ደፋር ከየት ይገኛል? በዚያው ወደደችው።

በስምንተኛው ወር ሽማግሌ ተላከ። አባቷ ጋሽ ከሊፋ፣ የልጁን ማብሰል ያልሰሙት ጨርቅ ነጋዴ፣ «ላስብበት» ብለው ቀሩ። የጀላል እናት እትዬ ሰብሪያ ታዲያ ነገሩን ለማለዘብ ምሳ ጠሯቸው። ዙሀራም እንደ ጎረቤት ልጅ ልታስተናግድ ከጠዋት ሄደች።

ዶሮውን የሠራው ጀላል ነው። መርከብ ላይ ከአንድ የሆንግ ኮንግ ሰው እንደተማረው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በአቼቶና ይዞት በመጣው ጥቁር የአኩሪ አተር መረቅ ዘፍዝፎ አሳደረው። ጠዋት ድስት ውስጥ ከትቶ፣ እንደ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አድርጎ ጋገረው። የዘፈዘፈበትን መረቅ ከማር ጋር አፍልቶ፣ ሲወፍር በላባ እየቀባ ሦስቴ መልሶ እሳት አሳየው። ቆዳው ቀልቶ አብረቀረቀ። ሰሊጥ ነስንሶበት ቀና ሲል ዙሀራ በሩ ላይ ቆማለች። ተያዩ።

ጋሽ ከሊፋ ቀመሱ። ደገሙ።

«ይሄ የማን እጅ ነው? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ዶሮ በልቼ አላውቅም!»

«የእኔ ነው» አሉ እትዬ ሰብሪያ ቶሎ ብለው።

«እጅዎ ይባረክ! እንዲህ ያለ ባልትና ወዳለበት ቤት ልጄን ብሰጥ ምን ይቆጨኛል? ሰጥቻለሁ!»

ዙሀራ ጀላልን አየችው። አንገቱን ደፍቷል። ያ የገበያው ደፋር አንገቱን ደፍቷል! ሳህን አንስታ ማጀት ገባች። ተከትሏት መጣ።

«ምነው? ፈቀዱልን እኮ!»

«ለእናትህ ነው የፈቀዱት! እናትህን ላግባ?»

«እውነቱን ከሰሙ ተነስተው ይሄዳሉ። አጣሻለሁ፣ ዙሀራ።»

«እና ዕድሜ ልኬን በር እየዘጋሁ ‹ባሌ ማጀት አያውቅም› እያልኩ ልዋሽልህ? ስማኝ ጀላል፣ ባፈርክበት እጅ እኔን እንዳትነካኝ!»

ጀላል ወደ ሳሎን ተመልሶ ወጣ፤ እሷም ተከተለችው።

«ጋሽ ከሊፋ፣ ዶሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እናቴ የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው።»

ጋሽ ከሊፋ እጃቸውን ከትሪው ላይ ሰበሰቡ።

«ወንድ ልጅ? ማጀት ገብቶ?» ብድግ አሉ። «በሉ፣ ያልኩትን አንስቻለሁ! ዙሀራ፣ ነይ ውጪ!» በሩ ጋ ሄደው ጫማቸውን አጠለቁ።

ዙሀራ ደሟ ፈላ። ሁለት ታፋ ሙልጭ አድርገው ሲበሉ ወንድ የሠራው አልነበረም? አሁን ነው የመረራቸው? ይሄን ሁሉ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዋጠችው። ሄዳ ትሪው ፊት፣ ጀላል አጠገብ ተቀመጠች።

«ነይ አልኩሽ እኮ!»

«እኔ ገና አልበላሁም፣ አባባ።»

ቢስሚላህ ብላ አንድ ክንፍ አነሳች። እየቆረሰችም በላች። ጀላል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ከጎኗ እንጀራ አስጠጋላት።

ጋሽ ከሊፋ በሩን ይዘው ልጃቸውን ብዙ አዩዋት። ቀና አላለችም።

«ቀስ ብለሽ ብዪ፣ እንዳያንቅሽ» አሉ በመጨረሻ፣ ጫማቸውን መልሰው እያወለቁ።