የከሚሪያ አውራ ጣት

ዘይቱና የመጀመሪያውን ጣሳ ውኃ ልታፈስ ብላ የሟቿን ቀኝ እጅ አየችና ጣሳውን መልሳ አስቀመጠችው። የከሚሪያ አውራ ጣት ሰማያዊ ነበር።

ዘይቱና ጅዳ ከገባች ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ የሴት ጀናዛ ማጠብ ከጀመረች ደግሞ ሃያ። ለማጠቢያ አምስት ሳንቲም አትቀበልም፣ ያየችውንም ለወሬ አታውለውም፤ ግን ዐይኗ አይምርም። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከኦብሑር ቪላዎች «ከደረጃ ወድቃ ሞተች» ተብላ የመጣችላትን ልጅ፣ አንገቷ ላይ የቀረውን የጣት ምልክት አንድ በአንድ ቆጥራ ከፍናታለች። የሰፈሯ የአል-ባላድ ሰው ይፈራታል። ሞት ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠራው እሷን ነው።

ኅዳር 2006 ዓ.ም. ነበር። ፈቃድ ለሌለው ስደተኛ የተሰጠው የምሕረት ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ የፖሊስ መኪና በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ፎቁ ላይ ያለው ሐበሻ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ቤት ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የነበራት ከሚሪያ ብቻ ነበረች። በዚህም የተነሣ አከራዩ ዋሷ ከሆነው ሳዑዲ፣ ከከፊሏ ጋር ተነጋግሮ የመቅበሪያ ወረቀቷን በጠዋት ይዞ መጥቷል። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ «ልብ» ይላል።

ዘይቱና የሟቿን የታች ከንፈር ገልበጥ አድርጋ አየች። ከውስጥ በጥርስ ተበጥሷል። የዐይኖቿ ነጭ ቀያይ ነጠብጣብ አለበት። «ልብ ከንፈር አይነክስም» አለች በሆዷ። ሴትዮዋ ታፍና ነው የሞተችው።

ውኃ የምታቀብላት የሟች ልጅ ሀሲና ነበረች፤ ኦብሑር የቤት ሠራተኛ ናት። ከኮሪደሩ የወንድሟ የሙራድ ድምፅ ይሰማል። «ሀሲና ያመጣችው ሾርባ ነው የገደላት! ገዳይ ደግሞ አይወርስም!» እያለ ከትናንት ጀምሮ አላረፈም። ሀሲና ጣሳውን እየሞላች ትሰማዋለች። የስምንት ዓመት ልጇ ኢማን ኮምቦልቻ፣ አያቷ ጥሎት በሞተው ቤት፣ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። «ገዳይ» የሚለው ስም ከእናትየዋ ጋር አገር ከገባ ሕፃኗ ከነልብሷ ደጅ ትወጣለች።

«ትናንት እናትሽን መቼ ተለየሻት?» አለች ዘይቱና።

«የቀትሩን ዙሁር አብረን ሰግደን ነው የወጣሁት፣ ኻላ። ማዳም የፈቀደችልኝ ለአንድ ሰዓት ነበር።»

«ውዱእ ስታደርግ አይተሻታል?»

«ውኃ ያፈሰስኩላት እኔ ነኝ።»

«ይሄ ቀለም ነበረባት?»

ሀሲና ጣቱን አይታ ክው አለች። «ወላሂ አልነበረም! እሷ እኮ ሊጥ ጥፍሯ ሥር ከቀረ ሶላቴ ተበላሸ ብላ ደግማ የምትታጠብ ሰው ናት።»

«ከፈኗን አምጪልኝ።»

ከሚሪያ መካ ሄዳ በዘምዘም ነክራ ያደረቀችው ከፈን ሻንጣዋ ውስጥ ነበር። ሀሲና ዘረጋችው፤ ደግማ አራገፈችው፤ ከዚያ የሻንጣውን ታች በእጇ ዳሰሰች።

«ብሩ የለም» አለች። «የግብሩ ብር።»

የኮምቦልቻው ቤት የዓመታት ውዝፍ ግብር ነበረበት። ያ ሳይከፈል የወራሽነታቸው ነገር ፈቀቅ እንደማይል አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ደጋግመው ነግረዋቸዋል። ከሚሪያም ዓመት ሙሉ ሳምቡሳ ጠብሳ እየሸጠች፣ ሌባ ከፈን አይነካም ብላ፣ ብሩን እዚያ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር።

«ቦታውን ማን ያውቃል?»

«እሷና እኔ» አለች ሀሲና፣ ቃሉ በራሷ ላይ እንደሚመሰክር እያወቀች።

ዘይቱና ጀናዛውን በአንሶላ ሸፍና፣ ያችን ቀኝ እጅ ብቻ ከውጭ ትታ፣ በሩን ከፈተች። «ግቡ» አለች። ሙራድና የጎረቤት ክፍል ተከራዩ አብዱረሺድ ገቡ። አብዱረሺድ ሰው ወደ መካ በሚኒባስ ያመላልሳል፤ መጻፍ ለማይችል ማመልከቻ ይጽፋል፤ ብርም ወደ አገር ይልካል። ኢቃማ የለውም።

«ሙራድ ልጄ፣ ትናንት የት ዋልክ?»

«መካ። ዙሁርን ሐረም መስጊድ ሰገድኩ። ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ስመለስ ሞታ አገኘኋት። ምኑ ይጠየቃል ኻላ? ይቺ ሾርባ ይዛ መጣች፣ እናቴ ሞተች፤ ኸላስ!»

«አንተስ፣ አብዱረሺድ ወንድሜ?»

«ከክፍሌ አልወጣሁም፣ እትዬ ዘይቱና። ከሰኞ ጀምሮ የመካ መንገድ ኬላ ላይ ኢቃማ የሌለውን እየለቀሙ አይደል? መኪናዬን አቁሜ ተቀምጫለሁ።»

ዘይቱና ሰምታ አለፈችው። «ይሄ ቀለም የማን ነው?»

አብዱረሺድ የሟቿን እጅ ሲያይ ላብ አጠመቀው። «የኔ… የኔ ይመስላል። የአሻራ ማንሻ ቀለም አለኝ። ግን ክፍሌ ቁልፍ የለውም። ትናንት መታጠቢያ ቤት ደርሼ ስመለስ ክዳኑ ተከፍቶ ነው ያገኘሁት።»

«የኢሚግሬሽኖቹ ጃዋዛቶች አሻራ ወስደውባት ይሆናላ» አለ ሙራድ።

«እነሱ» አለች ዘይቱና፣ «ዐሥሩንም ጣት በመስታወት ላይ ነው የሚወስዱት፤ ቀለም አያውቁም። እሷም አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ከደጅ አልወጣችም። እስቲ ንገረኝ ልጄ፤ እናትህ ወረቀት ላይ በምን ትፈርም ነበር?»

«በአውራ ጣቷ ነዋ! ፊደል ያልቆጠረች ሴት በምን ልትፈርም ኖሯል? ቀለም ቢገኝባት ምን ይደንቃል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሀሲና ቀስ ብላ ቀና አለች።

«በእጇ እኮ ነው የምትፈርመው» አለ አብዱረሺድ ግራ ገብቶት። «ብር በላከች ቁጥር ስሟን በአማርኛ ትጽፍልኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለች ሀሲና። «የማዳም ልጆች በጣሉት ደብተር። ‹ሪ›ን ለመጻፍ ስንት ጁምዓ ፈጀባት!»

ዘይቱና ወደ ሙራድ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ዙሁር ላይ እጇ ንጹሕ ነበር፤ ዐስር ሶላት ላይ ሞታ ተገኘች። ቀለሙ የገባው በመካከሉ ነው። ብትኖር ኖሮ ወዲያው ፈትጋ ታስለቅቀው ነበር፤ ስለዚህ አሻራዋን የወሰደው ሰው የወሰደው ከሞተች በኋላ ነው። ያ ሰው መጻፍ መቻሏን አያውቅም። ሀሲና ታውቃለች፤ አስተማሪዋ ናት። አብዱረሺድ ያውቃል፤ አስፈራሚዋ ነው። የማታውቀው አንተ ነህ። የአራት ዓመት ልጅ ሆነህ ትታህ መጣች፤ በየመን ዞረህ ከመጣህ ሰባት ወርህ ነው፤ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ምን ታውቂያለሽ ብለህ አልጠየቅካትም። ደግሞ ኢቃማ የሌለህ ልጅ፣ የመካን ኬላ በየት በኩል አለፍከው?»

ሙራድ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ገልጦ አሳያቸው። በከሚሪያ ስም፣ «የቤቱን ግብር የሚከፍለው ሙራድ ነው፤ ባሌም ቤቱን ለእሱ ተናዞለታል፤ እኔ ሚስቱ ምስክር ነኝ» ይላል። ከታች ሰማያዊ አሻራ አለበት።

«ለመንኳት» አለ። «ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሜ ወገቤ ተቀጨ። ነገ ይይዙኛል፤ ባዶ እጄን ነው ወደ አገር የሚጭኑኝ። ‹ግብሩን ከፍለን፣ ፍርድ ቤት ቀርበን፣ በሸሪዓው ትካፈላላችሁ› አለችኝ። ብሩን ፍለጋ ሻንጣውን ስበረብር ጮኸች። ጩኸቷን ላፍን ብዬ…»

«በሸሪዓውማ ከእህትህ እጥፍ ያንተ ነበር» አለች ዘይቱና።

ይህን ሲሰማ ፊቱ አንድ አፍታ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። «አሁን ለማን ትነግሪያለሽ? ፖሊስ ጥሪ! እኔ እታሠራለሁ። አብዱረሺድም፣ ሀሲናም፣ ፎቁ በሙሉ ይታፈሳል። እናቴም ሬሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስንት ወር እንደምትከርም አላህ ይወቅ።»

ዘይቱና አብዱረሺድን አየችው። «ፊርማዋ ያለበት ደረሰኝ አለህ አይደል? በእጇ ትፈርም እንደነበር ለኮምቦልቻ ፍርድ ቤት ለማሳየት…»

አብዱረሺድ አንገቱን ደፋ። «ፖሊስ እንዳያገኝብኝ ባለፈው ሳምንት አቃጠልኩት፣ እትዬ። አንድም አልቀረ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይኸው ጠራ፤ የሚያስረክቡት ሰው ግን ጠፋ። ዘይቱና ሁለቱን ወንዶች አስወጥታ በሩን ዘጋች። ከሚሪያ ጣት ላይ ያለው ቀለም ለእሷ የቀረላት ብቸኛ ምስክር ነው።

«ኻላ» አለች ሀሲና፣ «ቀለሙ ሳይለቅ ትጥበቷ ይሆንላታል?»

«አይሆንላትም። ውኃ ያልነካው ሰውነት መቅረት የለበትም።»

ሀሲና የእናቷን እጅ ይዛ ሰማያዊውን ጣት ዳበሰችው። ቀለሙ ከለቀቀ ቤቱን የምታጣውን ልጇን ታስብ እንደነበር ዘይቱና ታውቃለች።

«እንግዲያው እጠቢያት» አለች በመጨረሻ።

ዘይቱና ሳሙናውን አሽታ አረፋ አወጣች። ሦስት ጊዜ ፈተገችው፤ በሦስተኛው ለቀቀ። ሰማያዊው ውኃ በወለሉ ሄዶ ቱቦው ውስጥ ገባ።

ከዙሁር በኋላ ጀናዛው ወጣ። የቃሬዛውን ፊት የያዘው ሙራድ ነበር። መቃብር ውስጥ ወርዶ እናቱን በእጁ የተቀበለውም፣ የከፈኗን ቋጠሮ የፈታውም እሱ ነው፤ ወጉ ለወንድ ልጅ ነውና። ቀባሪዎቹ ሲመለሱ ሀሲና ደረጃው ሥር ቆማ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኗት ቀረቡ።

«አብሽሪ ልጄ» አሏት። «እናትሽ ታድላለች። እንዲህ ያለ ወንድ ልጅ ቀበራት።»