ወደ ኋላ የሚሸሸው መነጽር

«ይሄኛው አይሆንም፤ ሰፊ ነው» አለች ሉብና፣ ብረቱን ጆንያው ላይ መልሳ እያስቀመጠች።

«ሰፊ ከሆነ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው በቃ!»

«ቀበቶ መሰለሽ እንዴ ሂሩቴ?»

ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች መርሳ ዋናው መንገድ ዳር፣ በሂሩት አባት በጋሽ ካሳሁን ጋራዥ ጥላ ስር ተንበርክከዋል። ፊታቸው አዲስ የአየር ጠመንጃ ተጋድሟል፤ ከጎኑ ጥቁር መነጽር፣ ከመነጽሩ አጠገብ ደግሞ ሦስት ዓይነት ማሰሪያ። ማሰሪያው ባለ ሁለት ቀለበት ብረት ነው። ቀለበቶቹ መነጽሩን ያቅፋሉ፤ እግራቸው በጠመንጃው ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ቦዮች ነክሶ ይይዛል። የሉብና አጎት አብዱልሐሊም ጠመንጃውን ከኮምቦልቻ ሲገዛ የትኛው እንደሚገጥም አላወቀም፤ ሦስቱንም ይዞ መጣ።

ወትሮ ቢሆን ጦጣ ለማባረር አንድ የክላሽ ጥይት ወደ ሰማይ መልቀቅ ይበቃ ነበር። ዘንድሮ ግን ማን ይተኩሳል? ግንቦት 2014 ነው። ጦርነቱ ከከተማዋ ከወጣ አምስት ወር ሊሞላው ነው፤ ከሰው ጆሮ ግን ገና አልወጣም። ባለፈው ማክሰኞ የአንድ አይሱዙ ጎማ ቢፈነዳ ግማሹ ገበያተኛ ዕቃውን ጥሎ የውርጌሳን መንገድ ተያያዘው። የሉብና አያት እማማ ዘይነባ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገው ከተማው ጫፍ ላይ ተገኙ። ጦጦቹ ደግሞ ሰው ሸሽቶ በከረመባቸው ወራት ግራና በሚባለው ቀበሌ ያለውን የሉብናን ቤተሰብ የማንጎ እርሻ የራሳቸው አድርገውታል። ድንጋይ ሲወረወርባቸው ሰላም የተባሉ ይመስል ዞር ብለው ያያሉ። ድምፁ በር ከመዝጋት የማይበልጥ ጠመንጃ የተገዛው ለዚህ ነው። ቀበሌም ተመዝግቧል።

«ረጅሙስ?» አለች ሂሩት።

«እሱን ካደረግኩ ጉንጬ ሰደፉን አይነካም። እንደ ሰጎን አንገቴን ላሰግግ ነው?» ሉብና አጭሩን ማሰሪያ ቦዩ ላይ አስገብታ መነጽሩን አስተኛችበት። ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀደደችና በመነጽሩ ሰፊ አፍና በአፈሙዙ መካከል አሳለፈችው። ወረቀቱ ምንም ሳይነካው ወጣ። «አየሽ? ዝቅ ያለ ነው፤ ግን አይነካካም። ይሄ ነው የኛ።»

«ኧረ ኢንጂነሯ! ተራቀቅሽብን እኮ!»

ሉብና ሳቀች። ብሎኖቹን በካቻቢቴ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ፣ ሁሉንም እኩል ጠበቅ ጠበቅ እያደረገች ሄደች። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ መነጽሩን እንደሚያጣምመው ማንም አልነገራትም። እጇ አወቀው።

አጎቷ በከዘራው እየተደገፈ የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። ሚሊሻ ሆኖ ዘምቶ ጉልበቱን ተመትቶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ማረስ አልቻለም፤ መሸከምም አልቻለም። ስለ መሳሪያ ሲጠየቅ ብቻ ድምፁ እንደ ድሮው ይሆናል።

«መግቻዋን ፒን የት ልታደርጊያት ነው?» አላት። ፒኗ ማሰሪያው ቦዩ ላይ እንዳይንሸራተት የምትይዝ የጣት ጫፍ የማትሞላ ብረት ናት።

«ከኋላ አንዲት ቀዳዳ አለች፣ አያ አብዱ። እሷ ውስጥ ልትገባ ትችላለች።»

«የለም፣ ከፊት! መሳሪያ ሲተኮስ ወደ ኋላ ነው የሚረግጠው። መነጽሩ ወደ ፊት ሊሸሽ ይፈልጋል፤ ፊቱን ትዘጊበታለሽ።»

«ታዲያ ቀዳዳዋ ለምን ተበሳች?»

«ተሳስተው ይሆናላ! እኔ ስንት ክላሽ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ ልጄ?»

ሉብና ፒኗን ከፊት አደረገች። ከጋራዡ ጀርባ ባለው የአፈር ክምር ላይ ካርቶን ሰቅለው ሦስት ተኮሱ። የጠመንጃው ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች ሦስቱም አንድ ብር ሳንቲም በሚሸፍነው ቦታ ላይ አረፉ። አጎቷ ከዘራውን ወደ ላይ አነሳ።

«ነገ ጠዋት ወደ ግራና እርሻ! ማንጎ ለቃሚዎቹ በግራ በኩል ዛፍ ላይ ይሆናሉ፤ እኔ ጎጆው ስር ቁጭ ብዬ በቀኝ፣ በአጥሩ በኩል የሚመጡትን አባርራለሁ።» ከለቃሚዎቹ አንዷ የሉብና ታናሽ እህት ኢሕሳን ናት። ቀላል ስለሆነች ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ የምትወጣው እሷ ነች።

እሱ ለዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄድ ሉብና እጇን ለማፍታታት መተኮሷን ቀጠለች። አስረኛዋ ፍሬ ትንሽ ወደ ግራ ሄደች። አስራ አምስተኛዋ ስንዝር ሳተች። ሃያኛዋ ጭራሽ ካርቶኑን አላገኘችውም፤ በግራ በኩል አፈሩን አቦነነችው።

«ደክሞሻል» አለች ሂሩት።

«አልደከመኝም።» ሉብና ጎንበስ ብላ አየች። ከፊተኛው ቀለበት እግር ፊት፣ ጥቁሩ ቀለም ላይ አዲስ ነጭ ጭረት ታየ። ጥፍር የሚያህል ነው። ማሰሪያው ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ሲሸሽም ጠመም ብሏል።

ጠመንጃውን ሳትሞላ አቅፋ ቁጭ አለች። ውስጡ ባሩድ የለም፤ ሞላ ነው ያለው። ቃታው ሲሳብ ሞላው ወደ ፊት ይወረወርና ጫፉ ላይ ሲደርስ ዷ! ብሎ ይቆማል። ጠመንጃውን ይዞት ወደ ፊት ይዘላል ማለት ነው።

«ሂሩቴ፣ ባጃጅ ድንገት ሲፈተለክ አንቺ ወዴት ነሽ?»

«ወደ ኋላ ነዋ። ባለፈው ጭንቅላቴን…»

«መነጽሩም እንደዛው! ክላሽና ይሄ አንድ አይደሉም።» ካቻቢቴውን አነሳች። ማሰሪያውን ፈትታ ፒኗን ከኋላ ቀዳዳው ውስጥ አስገባቻት፤ ልክ ቤቷ የገባች ያህል ቁጭ አለች። መነጽሩን እንደገና አስተካክላ ሠላሳ ተኮሰች። ሠላሳዎቹም አንድ ቦታ ገቡ፤ ጭረቱም አልጨመረም።

ሉብና ግን አልፈነጠዘችም። አጎቷ ሳያይ አያልፍም።

«አባቴ ነው ያዛወረው በይ» አለች ሂሩት ቀስ ብላ። «ጋሽ ካሳሁን ነው ካልሽው አጎትሽ ትንፍሽ አይልም። አንቺም ትተርፊያለሽ፣ እሱም ቅር አይለውም።»

ወዲያው አጎቷ ደረሰ። ብቻውን አልነበረም፤ አብረውት የዘመቱ ሁለት ሰዎች አስከትሏል። «እኔ አሳየኋት፣ እሷ አሰረችው» እያለ ነበር። ጠመንጃውን ተቀብሎ ሊያሳያቸው ገልበጥ ሲያደርገው ዓይኑ ፒኗ ላይ ቀረ።

«ማነው ይሄን ወደ ኋላ ያዞረው?»

ሂሩት ጉሮሮዋን ጠረገች። ሉብና ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ፣ አያ አብዱ።»

«ኧረ አብዱልሐሊም፣ አስተማሪ ተገኘልህ!» ብሎ አንደኛው ሰውዬ ሳቀ።

የአጎቷ ፊት ጠቆረ። «መልሺው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ካቻቢቴው እጇ ላይ ነው። መመለሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሁን መልሳው ነገ ማለዳ እሱ ሳያይ ብታዞረውስ? እርሻው ላይ እንደገና አይቶ በገዛ እጁ ወደ ፊት ቢመልሰውስ? ሃያኛዋ ፍሬ በግራ በኩል ያቦነነችው አፈር ታወሳት። ነገ በግራ በኩል ያለው ለቃሚዎቹ የሚወጡበት ማንጎ ነው።

«አልመልሰውም» አለች።

ወደ ጠመንጃው ጠጋ ብላ ቀጠለች።

«ስለ ክላሽ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም አምኜ ነው ያደረግኩት። ይሄ ግን ሞላ ነው፤ ወደ ፊት ይዘላል። ከሃያ ጥይት በኋላ ሙሉ ለሙሉ ሳተ። ጭረቱን ይዩት፣ እዚህ ጋ። ነገ ኢሕሳን ዛፍ ላይ ናት።»

አብዱልሐሊም የአውራ ጣቱን ጥፍር ጭረቱ ላይ አደረገ። ወደ ፊት ሄደበት፤ ወደ ኋላ ተመለሰበት። በመንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ እየጮኸች አለፈች።

ሉብና ካቻቢቴውን ኪሷ ከተተችና አዲስ ካርቶን ይዛ ወደ አፈሩ ክምር ሄደች። አራቱን ማዕዘን በሚስማር ሰካች፤ መሃሉ ላይ በከሰል አንድ ነጥብ አደረገች። ተመልሳ ስትመጣ አጎቷ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው።

የፍሬዎቹን ቆርቆሮ ከፍታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ሃያ ይተኩሱ» አለችው። «ፒኗ ባለችበት። እኔ እቆጥራለሁ።»

ወደ እሷ ሳይዞር መዳፉን ዘረጋ። የመጀመሪያዋን ፍሬ አስቀመጠችለት።