አንድም የጎደለ የለም

ገዳሙ በተተከለ በመቶ አርባኛው ዓመት፣ ዝናቡ ባባራ በሳምንቱ፣ አበምኔቱ የገዳሙ የመሬት መዝገብ በአዲስ ብራና እንዲገለበጥ አዘዙ፤ ሥራውንም የአንድ እናት ልጆች ከሆኑት ሁለት ጸሐፊዎች ሃያ ዓመት ብዕር ለጨበጠው ለታላቁ ሳይሆን፣ ትናንት ለመነኮሰው ለታናሹ ሰጡት። ታላቁ አንጀቱ አረረ። ቀለም መበጥበጥ ያስተማረው፣ ብራና ማስመር ያሳየው እርሱ ነበርና፤ ምን ሲባል!

«አንተ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ታመሳክርለታለህ» አሉት አበምኔቱ።

«እንደ ቃልዎ፣ አባታችን» አለ፤ ፊቱ እየሳቀ፣ ሆዱ ድብን እያለ።

የታናሹ ፊደል እንደ ተደረደረ ዶቃ ያምር ነበር፤ መነኮሳቱ እየመጡ «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ!» ባሉት ቁጥር ታላቁ ዓይኑ ደም ይለብሳል። ሲያመሳክር ግን ደስ የሚለው ነገር አገኘ፤ ከዚያ ሁሉ ውበት መካከል አንድ ሙሉ መስመር ተዘሏል። የገልባጭ ዓይን ከመስመር ወደ መስመር ሲሻገር የሚሠራው የታወቀ ስሕተት ነው። ይቆይ፣ አንድ ቀን በጉባኤ ፊት ይነበብና ይዋረዳል ሲል አሰበ። መስመሩን አየ እንጂ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ማሳ አላየም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ፊደል ሲመለከት ኖሮ መሬት ማንበብ ረስቶ ነበር።

«ወንድምዓለም፣ የጎደለ አገኘህብኝ?» አለው ታናሹ።

«አንድም የለ» አለና ይህንኑ በግርጌው ጻፈ።

እንደ ደንቡም፣ ሁለት መዝገብ እንዳይኖር አሮጌው ብራና በዚያው ቀን ታጥቦ ተፋቀ።

በሦስተኛው ዓመት አጎራባቹ መስፍን ከወንዝ ማዶ ያለው ማሳ ይገባኛል ብሎ ዳኛ ይዞ መጣ፤ መዝገቡ ተገለጠ፤ ማሳው የለም። ያንን ማሳ የገዳሙ ገባር ሆና የምታርሰው ደግሞ የሁለቱ ጸሐፊዎች እኅት፣ የአራት ልጆች እናት ነበረች።

«ሁለት ጸሐፊ ወንድም እያለኝ መሬቴን የሚጽፍልኝ ልጣ?» አለች።

ታናሹ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እታለም» ብሎ እግሯ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ታላቁ ወደ ዳኛው ፊት ወጣ።

«አይቼው ነበር፤ ቀንቼበት ዝም አልኩ» አለ።

እኅቱ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ዳኛውም የአፍ ቃል የብራናን ጽሑፍ አይሽርም ብሎ ለመስፍኑ ፈረደ።

መዝገቡ ዛሬም አለ፤ ያዩት ሁሉ የገልባጩን እጅ ያደንቃሉ። ስለ ማሳውም ሆነ ስለ እኅቲቱ የሚናገር ነገር የለበትም፤ በግርጌው ግን በሌላ እጅ፣ በደማቅ ቀለም እንዲህ ይነበባል፤ «ከአሮጌው ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ አንድም የጎደለ የለም።»